ክኒኑን አማቷ ተቀበሉላት

— ሄሎ፣ ጓዳ ጤና የስልክ ሕክምና፣ መቱ። ሲስተር ዙፋን ነኝ፣ ምን ልርዳ?

— … ሄሎ? … ድምፅ ከፍ አድርጉልኝ፣ አይሰማኝም። … ማን? … ኑኃሚን! የያዮዋ ኑኃሚን! አንቺ፣ ምነው ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ? ክኒንሽ ደረሰሽ አይደል? ሞተረኛችን ሂካ ዛሬ ጠዋት አድርሻለሁ ብሎኛል።

— … ምን አልሽ? … ለማን ሰጠው? … ለጋሼ ውበቱ? ለአማትሽ? ለባልሽ ለፈንታሁን አባት?!

— ቆይ፣ ቆይ እናቴ፣ አታልቅሺ፣ ስታለቅሺ አልሰማሽም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ። … እሺ። … ደጅ ላይ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። … እሺ። … ሂካ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እሱን አልፎ ለምራቲቱ ዕቃ ማቀበል ነውር ሆነበት። … በሁለት እጁ ሰጣቸው። ጎንበስ ብሎ። … አይ ሂካ! ጨዋነቱ ገደል ይግባ! «ከእጇ በቀር በማንም እጅ አታስገባ» ብዬ ስንቴ ለፍልፌያለሁ!

— እና ከፈቱት? … በሰው ፊት። … አንደኛው ማኅበርተኛ የሚስቱን ክኒን ያውቀዋል፤ ተቀብሎ «ይሄማ የወሊድ መከላከያ ነው» አለ። … ጋሼ ውበቱስ ምን አሉ? … «ዘሬን ልታደርቂ ነው እንዴ» አሉሽ። … ፈንታሁን የት ነበር? … አጠገባቸው። … እሱስ ምን አደረገ?

— አልዘጋሁም፣ አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው። … መታሽ። በምን? … በፍልጥ? ራስሽን በፍልጥ?

— ቆይ ኑኃሚን፣ እኔ ግራ ገባኝ። ፈንታሁን እኮ ያውቃል! ራሱ አይደል እኛ ዘንድ የደወለው? ያኔ በወሊድ ደምሽ አልቆ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ሐኪሙ «ቶሎ ከደገመች አትተርፍም» ሲለው፣ እዚሁ ስልክ ላይ አይደል እንደ ሕፃን ያለቀሰው? «ሲስተር፣ ሚስቴን አትርፉልኝ፣ አባቴ ብቻ እንዳይሰማ» ያለኝ እሱ አይደል? … አዎ። … ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?

— ኧ? … አባቱ ጠየቁት። ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ። «አንተ ይሄን ታውቃለህ?» … «አላውቅም» አለ። … «ከየት እንዳመጣችው እንጃላት» አለ። … ከዚያ አለማወቁን ሊያሳምናቸው ፍልጥ አነሣ። … ወይ እግዚኦ! ወይ ወንድ! ወንድ ተብሎ ሱሪ ታጥቆ!

— አሁን የት ነሽ? … ዕቃ ቤት። ቡናው ያለበት። … በሩን በውስጥ ቀርቅረሽዋል? … ጎበዝ። ልጆቹስ? … እናትሽ ጋ፣ ቡሬ ናቸው። ተመስገን፣ እነሱ እንኳን አላዩም። ሰው ሁሉ ሄደ ወይስ አለ? … ማኅበርተኞቹ ጠላቸውን ጨርሰው ሄዱ። «የባልና ሚስት ነገር» ብለው። አይ እነሱ!

— ምንድነው እሱ? … ኑኃሚን፣ ምንድነው እንደዚያ የሚደበድበው? … በሩን ነው? … በምን? … በመጥረቢያ?!

— ሁዘይፋ! ሁዘይፋ፣ ያን ስልክ ዝጋና ስማኝ! የያዮዋ ኑኃሚን ናት። ባሏ በር በመጥረቢያ እየፈለጠባት ነው። ለሂካ ደውል፣ የትም ይሁን የት ሞተሩን ያዙር። ቀጥለህ ለሚሊሻው ለመገርሳ፣ ከዚያ ለአምቡላንስ። ቆመህ አትየኝ፣ ደውል!

— አለሁ፣ የኔ እመቤት፣ አለሁ። ስሚኝ አሁን። ጆንያ አለ አይደል? ቡና የሞላው። ጎትተሽ በሩ ላይ። … ከበደኝ አትበዪኝ። መሬት ላይ ተቀመጪ፣ ጀርባሽን ግድግዳው ላይ ስጪ፣ ሁለት እግርሽን ጆንያው ላይ። ልክ እንደ ምጥ። አየር ሳቢ … ያዢ … ግፊ! ግፊ! … ሄደ? … ጎበዝ! ሁለተኛውን። … ያንቺን ምጥ የማላውቅ መሰለሽ? ለመሞት ያልተመቸሽ ሴት ነሽ አንቺ። ግፊ!

— ራስሽ ይደማል? … ዓይንሽ ውስጥ እየገባ። ነጠላሽን አጣጥፈሽ እቁስሉ ላይ፣ ጠበቅ አድርገሽ። የራስ ቆዳ ደሙ ብዙ ነው፣ ያስደነግጣል እንጂ ይቆማል። አያጥወለውልሽም? … አንድ ሰው ሁለት ሆኖ አይታይሽም? … ሰው የለም፣ አውቃለሁ፣ ጆንያውን ማለቴ ነው። … አንድ ነው። እሺ፣ ደህና።

— ሁዘይፋ፣ ምን አለ ሂካ? … ገና ከያዮ አልወጣም? ተመስገን! … ጎሚስታ ጋ ነው። … ጎማው ወልቋል? ይተወው! ባጃጅ ይያዝ፣ በቅሎ ይያዝ፣ በእግሩ ይሩጥ! «ደፊ፣ ፍጠን» በለው! ይሄን ጉድ ያመጣው የሱ እጅ መንሣት ነው በለው! … ኧረ ተው፣ ይሄን አትንገረው። ብቻ ይሩጥ። … መገርሳስ? … አያነሣም? ጫካ ይሆናል፣ የለቀማ ጊዜ ነው። ድገምለት፣ ደጋግም።

— ኑኃሚን፣ ለምንድነው የማትጮኺው? … ሰው ይሰማል? ይስማ እንጂ! … ትዳሬ? ትዳርሽ ያውልሽ፣ በር ሆኖ እየተፈለጠ ነው! … ምን ይላል እሱ? … «ውጪ» ይላል። እንዳትወጪ! … «አልመታሽም» ይላል። መጥረቢያ ይዞ? እንዳትወጪ ብዬሻለሁ!

— ስሚኝ። አማትሽ እደጅ ናቸው? … ከኋላው ቆመዋል። … «አሳያት» ይሉታል። እንግዲያው ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ንገሪያቸው። «ጋሼ፣ ልጅዎ ያውቃል፣ ራሱ ነው ያስጀመረኝ» በዪ። አሁን። እሳቸው ከሰሙ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም፣ መጥረቢያውን ይጥላል።

— … አልልም? ለምን? … አላዋርደውም? … አንቺ ልጅ! እሱ ሊገድልሽ ነው፣ አንቺ ክብሩን ትጠብቂለታለሽ? … አባቱ ይረግሙታል? ይርገሙት! የአባት እርግማን ከመጥረቢያ ይሻላል! … አውቃለሁ፣ አንድ ልጃቸው ነው፣ መሬቱም የእሳቸው ነው፣ ሁሉን አውቃለሁ። … ምን? … እኔም እንዳልናገር? … «ማዪልኝ»? … አልምልም። ይሄን አልምልልሽም ኑኃሚን። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።

— ኑኃሚን! … ኑኃሚን፣ ምን ሆንሽ? … ሁዘይፋ፣ ዝም በል፣ አንድ ጊዜ ዝም በል! … ኑኃሚን፣ ምንድነው ይህ ጩኸት? … ክንድሽን? … ጣውላውን በስቶ? … ጆንያውን ደግፈሽ ሳለ። … ከበሩ ራቂ፣ ዳሂ፣ እንደምንም ዳሂ። … እሺ፣ እዪልኝ አሁን። አላይም አትበዪ፣ እዪ። ደሙ ዝም ብሎ ይወርዳል ወይስ እየዘለለ ይረጫል?

— … ይረጫል አልሽኝ።

— እሺ። እሺ የኔ ቆንጆ። ሁዘይፋ፣ አምቡላንሱን አግኝተሃል? … «ደም ሥር ተቆርጧል» በላቸው። ክንድ። «ይረጫል» በል፣ ይገባቸዋል። … ኑኃሚን፣ መቀነትሽን ፍቺ። … በአንድ እጅሽ ትችያለሽ። በጥርስሽ ሳቢው። … ከቁስሉ በላይ፣ ከክርንሽ በላይ፣ ከብብትሽ ዝቅ ብሎ። ሁለቴ ጠምጥሚ። … ቋጠርሽ? … አሁን የሆነ እንጨት፣ ስንጥር፣ የበሩ ፍንካች ይሆናል። ቋጠሮው ውስጥ አስገቢና አጠማዢው። … ያማል። ማመም አለበት። ያማል ካልሽኝ ይዟል ማለት ነው። አጠማዢው! … ኑኃሚን? … ገባ? … በሩን ሰብሮ ገብቶ ነው?

— ተው! ተው አንተ! ፈንታሁን! … ይሰማኛል፣ እየመታት ነው፣ ሁዘይፋ! በምን እንደሚመታት አላውቅም! … ፈንታሁን!!

— … ሄሎ። … አዎ እኔ ነኝ። … ማን እንደሆንኩማ ታውቃለህ። ዙፋን ነኝ፣ ያለቀስክባት። … አሁን ጠፋሁብህ? … ስድብህን አስቀምጠው፣ ለኋላ ይሆነናል። እጅህ ላይ ያለውን ጣል። … ጣል ብዬሃለሁ! … መጥቼ መቱ ድረስ? ና! በረንዳው ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ አንተ የቆላ በሬ! ግን መጀመሪያ ክንዷን ያዝ። … ክንዷን ፈንታሁን፣ ደሟ እየፈሰሰ ነው፣ አታይም? ያኔ ያየኸው ደም ነው፣ ያንኑ ደም ነው አሁን አንተ የምታፈሰው። … ቀስ ብለህ ለምን ታወራለህ? … አባትህ እንዳይሰሙ? … «ሲስተር፣ ለአንድ ቀን ብቻ ዝም በዪልኝ» ትለኛለህ? አንድ ቀን የላትም እኮ! አንድ ቀን የላትም፣ ገባህ?

— እውነቱን አታወጣም? እንግዲያው እኔ አወጣዋለሁ። … ጋሼ ውበቱ! … ጋሼ ውበቱ!! … ጆሮህን አመመህ? ይመምህ! … ጋሼ ውበቱ!!! ከመቱ ነው! ስልኩን ይቀበሉት!

— … ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። … አዎ፣ ሲስተር ዙፋን እባላለሁ። ክኒኑን የላክሁት እኔ ነኝ። … ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። … ጠንቋይ አይደለንም ጋሼ። ሐኪሙ ፊቷን በስልኩ እያየ፣ እያነጋገረ ነው ያዘዘላት። ዘርዎን ልታደርቅ አይደለም፣ ደሟ እስኪመለስ እንዳትፀንስ ነው። … ይስሙኝ እባክዎ፣ የሰው ምሥጢር ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ዛሬ ግን እናገራለሁ። ልጅዎ ያውቃል።

— … አልዋሽም። … ማነው ያስጀመራት? ፈንታሁን ነው። ማነው እዚህ ስልክ ላይ የለመነን? ፈንታሁን። ማነው «አባቴ እንዳይሰማ» ያለኝ? ያው አጠገብዎ የቆመው። … እኔን አይመኑኝ፣ እሱን ይጠይቁት። አሁን፣ እየሰማሁ ይጠይቁት። ዓይኑን እያዩ። … ይጠይቁት ጋሼ፣ ከዚያ ክንዷን አንድ ሰው ይያዝላት።

— …

— … ምን አለ? … ሰማሁት። «አዎ» አለ። ሁዘይፋ፣ «አዎ» አለ! … ተመስገን። ተመስገን ጌታዬ። አሁን ጋሼ፣ መቀነቱን … ጋሼ? … ጋሼ ውበቱ?

— ምንድነው? … ስልኩ ወደቀ። … ሁዘይፋ፣ ና ስማ። ሽማግሌው ልጃቸውን ይዘውታል፣ በከዘራ። … ይሰማሃል? … «በማኅበርተኛ ፊት አስቀለድክብኝ» ይሉታል። … ይበሉት! እሰይ! ይድቁሱልኝ! ጥርሱን ያራግፉልኝ! … ይገባዋል፣ ምን ታየኛለህ፣ ይገባዋል!

— … «አዋረድከኝ» ይላል አንዱ። «አንተ ነህ ያዋረድከኝ» ይላል ሌላው። … ዕቃ እየተሰበረ ነው። … ሁዘይፋ፣ ስለ እሷ የሚያወራ ትሰማለህ? … እኔም አልሰማሁም።

— ጋሼ! በቃዎት! ኋላ ይምቱት! ልጅቷ! ልጅቷን ማን ይዟታል? … ሄሎ! አንድ ሰው ስልኩን ያንሣ! … ኑኃሚን! ኑኃሚን፣ ትሰሚኛለሽ? እንጨቱን አልለቀቅሽውም አይደል? አትልቀቂው። … አትተኚ። ማውራት ካቃተሽ ስልኩን በጣትሽ ንኪልኝ። … ኑኃሚን? … አንቺ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ዙፋን ነኝ። … ምነው እኔ … አባቱ ከሰሙ መጥረቢያውን ይጥላል ብዬ ነበር እኮ … ኑኃሚን!

— … ሄሎ? ሄሎ፣ ማነው? … እትዬ ጥሩነሽ? የፈንታሁን እናት? … ወይ እትዬ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! … ከቤተ ክርስቲያን መመለስዎ ነው። … አዎ፣ የጤና ባለሙያ ነኝ። … አዎ። … ልጅዎ ተፈነከተ? … በከዘራው። … ይደማል። … ምን ላድርግለት አሉኝ? … ምንም! ምንም አያድርጉለት፣ ይድማ! … ይቅርታ እትዬ፣ ይቅርታ። እሱ ቆሞ እየተሳደበ ነው፣ ይሰማኛል፣ የሚሳደብ ሰው አይሞትም። እሷስ? … እሷስ እንዴት ናት?

— … «ማን» አሉኝ እትዬ?

— ኑኃሚን! ምራትዎ! … ዞር ይበሉ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከጆንያው አጠገብ መሆን አለባት። … አዩዋት? … ምን ትመስላለች? … ከንፈሯ ነጥቷል። … ቡናውን ይተዉት እትዬ፣ ቡናው ይበላሽ! ይቅረቡ። ይንበርከኩ። ክንዷ ላይ የታሰረ አለ? … ላልቷል። እንጨቱ ይታይዎታል? ያጠማዙት። … ጠበቅ። … ጠበቅ! … በሁለት እጅዎ፣ ሰውነትዎን ጥለው። አይፍሩ፣ ዶሮ አይደለች፣ አትሰበርም! … ቆመ? … ቀነሰ። ጎሽ! እንደሱ ይዘው ይቆዩ። ስልኩን መሬት ያድርጉት፣ እጮሃለሁ፣ ይሰሙኛል።

— ትተነፍሳለች? ጉንጭዎን አፏ ላይ ያስጠጉ። … አይቸኩሉ። … ትንሽ ትንሽ? … ትንሽ ትንሽ ይበቃናል እትዬ! ትንሽ ትንሽ ወርቅ ነው! ይያዟት። ስሟን ይጥሩላት። … «አንቺ» አይበሏት፣ ስሟን።

— ሁዘይፋ፣ ሂካስ? … ባጃጅ ይዟል። … ደጃቸው ደርሷል? … መገርሳ አነሣ? እየሮጠ ነው? … አምቡላንሱስ? … ከመቱ ወጥቷል። ኡፍ።

— እትዬ፣ ሰው ደርሶልናል። ባጃጅ እደጅዎ ቆሟል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳታል። … አዎ፣ ያው ጠዋት የመጣው ሰው። … በሩን እንዲከፍቱለት ይንገሯቸው። … ጋሼ ምን አሉ? … «ማንም ደጄን አይረግጥም»? … ተቆለፈ? … «ዛሬ የሰማው ሕዝብ ይበቃኛል» ይላሉ። … እትዬ፣ እርስዎ ይክፈቱት! … አይ፣ አይ፣ አይነሡ፣ እጅዎን አያንሡ! ፈንታሁን ይክፈት። … ፈንታሁን የት ሄደ? … አባቱ እግር ላይ ወድቋል። … ይቅርታ እየጠየቀ ነው። እሳቸውን።

— እትዬ፣ ምነው ድምፅዎ ራቀብኝ? … እጅዎን አነሡ እንዴ? … ለምን? … «ተነሺ» አሉዎት። … እትዬ፣ ይስሙኝ፣ እርስዎም ወልደዋል፣ ደም ሲያልቅ እንዴት እንደሚበርድ ያውቃሉ። ጋሼ ቢቆጡ ይቆጡ፣ ከደጅ ሚሊሻው ደርሶ ሰብሮ እስኪገባ ብቻ። ትንሽ ነው። ያቺን እንጨት ብቻ። ማሎ፣ እባክዎ እትዬ። ማሎ!

— … ምን አሉኝ? … «እግዜር ይስጥልን ልጄ»? … «ደክመሽልናል፣ የቤታችንን እኛው እንጨርሰዋለን»? … የለም፣ የለም፣ እትዬ፣ እጅዎን መልሰው እ—

— …

— ዘጋችው፣ ሁዘይፋ።

— … አመስግናኝ ዘጋችው።